የትምህርት ቤት አውቶቡስ በሽቦ ጉድለት ሪኮል ሲወጣበት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚያሽከረክሩ ወይም ያገለገለ አውቶቡስ ገዝተው በኮንትራት ተማሪ የሚያመላልሱ ወገኖቻችን ሪኮል ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ የደኅንነት ጉድለት የተገኘበትን ተሽከርካሪ አምራቹ በነፃ እንዲያስተካክል የሚገደድበት አሠራር ነው። በኤሌክትሪክ ሽቦ ምክንያት የሚወጣው ሪኮል ግን በቀላሉ ይናቃል። ሽቦው ከሻሲው ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ልባሱ ቢላጥ፣ ወይም በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ማገናኛው ውስጥ ገብቶ ቢያዝገው፣ አውቶቡሱ ሾርት እስከሚያደርግበት ቀን ድረስ እንደ ወትሮው ይነዳልና።

የመጀመሪያው ስህተት ደብዳቤ መጠበቅ ነው። አምራቹ ጉድለቱን ለብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ካሳወቀ በኋላ በ60 ቀናት ውስጥ ለባለቤቶች መጻፍ አለበት፤ ደብዳቤው የሚሄደው ግን በመዝገብ ላይ ወዳለው አድራሻ በመሆኑ፣ በጨረታ የተገዛና ስሙ በወቅቱ ያልተዛወረ አውቶቡስ ማስታወቂያው ለቀድሞው ባለቤት ሊደርስ ይችላል። ያገለገለ ተሽከርካሪ ሪኮሉ ሳይጠገን እንዳይሸጥ በጥቅሉ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ ስለሌለም በሻጩ መተማመን አያዋጣም። ከመግዛትዎ በፊት፣ ከዚያም በየጊዜው፣ 17 ፊደልና አሃዝ ያለውን የሻሲ ቁጥር በአስተዳደሩ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ይፈትሹ። በኋላ የተገጠሙ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ የአካል ጉዳተኛ ተማሪ ወንበር (ዊልቸር) ማንሻ፣ የራሳቸው ሪኮል ሊኖራቸው ስለሚችል ለብቻቸው ይፈለጉ።

ከሁሉም በላይ አደገኛ የምለው የተቃጠለን ፊውዝ በከፍተኛ አምፔር መተካት ነው። ፊውዝ የሚመረጠው ሽቦው ሊሸከም በሚችለው መጠን ነው፤ የ15 አምፔሩን አውጥተው የ30 ቢያስገቡ ፊውዙ ሳይቆርጥ ሽቦው ራሱ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ እሳቱም ማንም በማያየው ከዳሽቦርድ ጀርባ ወይም ከወለል ሥር ይነሳል። ደጋግሞ የሚቃጠል ፊውዝ ሽቦው የሆነ ቦታ ከብረት ጋር እየተነካካ ሊሆን እንደሚችል የሚናገር ምልክት ነው፤ በዚያ አውቶቡስ ተማሪ አይጫንም።

ጥገናውን እስከ ዕረፍት ወር ማቆየትም ሌላው ነው። በአዮዋ ግዛት ኦክላንድ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ተቃጥሎ ሾፌሩና የ16 ዓመት ተማሪ ሞተዋል። መነሻው ሞተር ክፍል እንጂ የሽቦ ጉድለት አልነበረም፤ ሆኖም በአውቶቡስ ውስጥ እሳት ከተነሳ ለመውጣት ያለው ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ያሳያል። ደብዳቤው «አይንዱ» ወይም «ከሕንፃ ርቆ ይቁም» ካለ ያንኑ ዕለት ይፈጸም። መለዋወጫው ገና ካልተዘጋጀ አምራቹ በመጀመሪያ ጊዜያዊ ማሳወቂያ ብቻ ይልካል፤ ያንን ፋይል ውስጥ ከትቶ መለዋወጫው ሲዘጋጅ የሚመጣውን ሁለተኛውን ደብዳቤ መርሳት የተለመደ ነው።

የዓመታዊ ምርመራ ማለፉን ወይም የጠዋት ፍተሻውን እንደ ሪኮል ጥገና መቁጠርም አይገባም፤ ሁለቱም የተሸፈነ ሽቦ ገልጠው አያዩም።

በራስ ገንዘብ ማስጠገንም ስህተት ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ሽያጭ 15 ዓመት ያልሞላው ተሽከርካሪ የሪኮል ጥገና በነፃ ነው። ሪኮሉ ከመውጣቱ በፊት ለዚያው ጉድለት የከፈሉ ካሉ አምራቹ ገንዘባቸውን የሚመልስበት ሥርዓት ስላለው ደረሰኛቸውን ይያዙ።

በመጨረሻም የጭስ ሽታ የሸተተው ወይም «ቁም» የሚለው ምልክት መብራት ያለ ምክንያት የጠፋበት ሾፌር ለአለቃው ብቻ ነግሮ አይተው። ቅሬታውን በ888-327-4236 ለአስተዳደሩ ማስመዝገብ ይችላል፤ ተመሳሳይ ቅሬታዎች ሲከማቹ ምርመራ ሊከፈት፣ ከምርመራውም ሪኮል ሊወጣ ይችላል።