ዳጎስ ያለ ገንዘብ በስጦታ ከመስጠትዎ በፊት
ለልጅዎ ወይም ለወንድምዎ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ሊሰጡ ካሰቡ፣ እባክዎ የስጦታ ግብሩ የሚመለከተው ሰጪውን ይሁን ተቀባዩን አስቀድመው ያጣሩ። እንደየአገሩ ይለያያል። በጀርመን በአብዛኛው የሚጠየቀው ተቀባዩ ነው፤ ልጅ ግን ከአንድ ወላጁ በ10 ዓመት ውስጥ እስከ 400,000 ዩሮ ድረስ ያለ ግብር መቀበል ይችላል። በአሜሪካ ጉዳዩ የሰጪው ነው። በ2025 ለአንድ ልጁ ከ19,000 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስጦታውን ለግብር ባለሥልጣኑ የሚያሳውቅበትን ቅጽ 709 መሙላት አለበት። ብዙዎች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ፤ መሙላት ማለት ግን መክፈል ማለት አይደለም። ከ19,000 ዶላር በላይ ያለው ገንዘብ የሚቀነሰው ሰጪው በዕድሜ ልኩ ያለ ግብር መስጠት ከሚችለው ጣሪያ ሲሆን፣ እሱም በዚያው ዓመት 13.99 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ደግሞ ገንዘቡን በእጅ አይስጡ፤ በባንክ ይለፍ። «ይህ ስጦታ ነው፣ አይመለስም» የሚል፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀትም አብሮ ይቀመጥ። ብድር ነው ወይስ ገቢ የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ሁሉም ከተረሳ በኋላ ነው።