ስላይዱ ጨለመ፣ ስላይዱ ነደደ፦ ደጋ ላይ በታይራማይድ ለሚሠሩ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ላይ ባቄላ የቀቀለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ውሃው ይንተከተካል፣ ክዳኑ ይዘላል፣ ባቄላው ግን አልበስልም ብሎ ያስቸግራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ስስ ሆኖ በተቆረጠ ቲሹ ላይ ያለን ፕሮቲን በማይክሮስኮፕ ለማየት በታይራማይድ ሲግናሉን (የቀለሙን ብርሃን) ስናጎላ ወራት የበላብን ችግር ከዚሁ ከባቄላው ጋር አንድ ነበር። እኛ ግን ስንወቅስ የከረምነው አንቲቦዲውን ነው።

ለአዲስ ገቢ በአጭሩ፦ ዋናው አንቲቦዲ የምንፈልገውን ፕሮቲን ይይዛል፣ ሁለተኛው አንቲቦዲ ደግሞ ዋናውን ይይዛል። ሁለተኛው አንቲቦዲ ላይ የተያያዘው ኤችአርፒ የተባለ ኢንዛይም፣ ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲያገኝ ፍሎረሰንት ቀለም የተሸከመውን ታይራማይድ ይቀሰቅሰዋል። የተቀሰቀሰው ታይራማይድም እዚያው አጠገቡ ያሉ ፕሮቲኖች ላይ፣ ታይሮሲን የተባለውን አሚኖ አሲዳቸውን ይዞ፣ በኮቫለንት ቦንድ (በጠንካራ ኬሚካዊ ትስስር) ይጣበቃል። አንድ ኢንዛይም ብዙ ቀለም ስለሚያከማች በተለመደው መንገድ የማይታይ ጥቂት ፕሮቲን ይታያል። ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የታወቀ ነው። ስህተት ካለም እኩል ያጎላዋል።

ዳፒው (የሕዋስ ኒውክሊየስ ማቅለሚያው) ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ የምትፈልጉት ሲግናል ግን የለም

መጀመሪያ ኢንዛይሙ በሕይወት መኖሩን እዩ። ያዘጋጃችሁትን ሁለተኛ አንቲቦዲ አንድ ጠብታ ወስዳችሁ በትንሽ ቲዩብ ውስጥ ካለ፣ የራሱ ፐርኦክሳይድ ከተጨመረበት ዲኤቢ (ኤችአርፒ ሲያገኘው የሚጠቁር ኬሚካል) ጋር ቀላቅሉ፤ ጓንት አድርጉ። በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ቡና ከጠቆረ ኢንዛይሙ ደህና ነው። ካልጠቆረ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሶዲየም አዛይድ ነው። አዛይድ ኤችአርፒን ያቆመዋል፤ እኛ ዘንድ አንዱ ጓደኛችን "እንዳይሻግት" ብሎ ማቅጠኛው ቡፈር ውስጥ ጨምሮት ነበር። ዲኤቢው ጠቁሮ ስላይዱ ከጨለመ ደግሞ ለታይራማይዱ የምትጠቀሙበትን ፐርኦክሳይድ ለውጡ። ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ኃይሉን ያጣል፤ የቀጠነውንም በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ሙቀቱ ሂዱ። ቲሹው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ያስራቸዋል፤ አንቲቦዲው ቦታውን እንዲያገኝ ያንን እስራት በሙቀት መፍታት ያስፈልጋል። መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ በሲትሬት ቡፈር፣ ፒኤች 6፣ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ይላሉ። እኛም ድስቱ ሲፈላ አይተን ሰዓት እንይዝ ነበር። አንድ ቀን አንጋፋው ቴክኒሺያናችን "ልጄ፣ ድስቱን ትተህ ብርጭቆውን ለካው እስቲ" አሉኝ። ቴርሞሜትሩን ስላይዶቹ ያሉበት ብርጭቆ ውስጥ ነከርኩት፤ 87 አነበበ። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ብትደርሱ ውሃው 95 አልፎ ስለሚፈላ ያው መመሪያ እዚያ ሊሠራ ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን መፍትሄው ፕሬሸር ኩከር ነው፤ በዚህ ከፍታም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሳል። ግፊቱ ከያዘ በኋላ በ5 ደቂቃ ጀምሩና እንደ ቲሹው አስተካክሉ። ከዚያ እሳቱን አጥፍታችሁ ግፊቱ በራሱ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ስላይዶቹንም እዚያው ቡፈሩ ውስጥ 20 ደቂቃ አቀዝቅዟቸው። ቲሹው ተልጦ እንዳይሄድ ቻርጅ ያለው ስላይድ ተጠቀሙ፤ ከመጀመራችሁ በፊትም 60 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አድርቁት።

ቅዝቃዜውንም አትርሱ። "በክፍል ሙቀት" የሚለው ቃል ከ20 እስከ 25 ዲግሪን ታሳቢ ያደርጋል። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ የእኛ ክፍል 13 ነበር፤ ኢንዛይሙም እንደ ሰው ይሰንፋል። ኢንኩቤተር ካለ 25 ላይ አድርጉት። ከሌለ ክዳን ያለው የፎም ሳጥን፣ አንድ ጆግ ሙቅ ውሃና ቴርሞሜትር ይበቃሉ።

ሁሉም ነገር ይበራል

እዚህ ላይ ሰው ወዲያው መታጠቢያውን ያበዛል። በእኔ ግምት ያ ጊዜ ማባከን ነው፤ ጥፋተኛውን ሳታውቁ ምን ታጥባላችሁ? ከዚያው ብሎክ (ቲሹው ከተቀበረበት ሰም) አራት ስላይድ ቁረጡ። አንደኛው ምንም ያልነካው፣ ሁለተኛው ላይ ታይራማይድ ብቻ፣ ሦስተኛው ላይ ሁለተኛ አንቲቦዲና ታይራማይድ፣ አራተኛው ላይ ዋናው አንቲቦዲ ጭምር፣ ሙሉው።

አንደኛው ካበራ ቲሹው በራሱ የሚያበራ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ፣ ሊፖፉሲን (በዕድሜ ሕዋስ ውስጥ የሚከማች ቀለም) እና ፎርማሊን ያመጡታል። ከአረንጓዴ ቀለም ወደ ቀይ ሽሹ፤ ወይም በ70% አልኮል የሟሟ 0.1% ሱዳን ብላክ ለ10 ደቂቃ ሞክሩ። ሱዳን ብላክ ራሱ በሩቅ ቀይ በኩል እንደሚያበራ ግን ልብ በሉ።

ሁለተኛው ካበራ የቲሹው የራሱ ፐርኦክሲዴዝ (የኤችአርፒን ሥራ የሚሠራ ኢንዛይም) አልጠፋም። ደም የበዛበት ቲሹ፣ ለምሳሌ ስፕሊን (ጣፊያ)፣ ላይ የተለመደ ነው፤ ለማጥፋት 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የነበረውን ወደ 30 አሳድጉ። ሦስተኛው ካበራ ብሎኪንጉን (አንቲቦዲ ያለቦታው እንዳይጣበቅ ቲሹውን አስቀድሞ መሸፈኑን) ተመልከቱ፤ ሁለተኛው አንቲቦዲ ከፍየል ከሆነ 5% የፍየል ሴረም ይሻላል።

አራተኛው ብቻ ከነደደ ዋናው አንቲቦዲ በዝቷል ማለት ነው፣ እሱም ደስ የሚል ችግር ነው። ያለ ታይራማይድ 1፡200 የሚሠራ አንቲቦዲ በታይራማይድ ከ1፡1,000 ጀምሮ እስከ 1፡10,000 ድረስ ሊሞከር ይገባል። ውድ አንቲቦዲም ይቆጥባል።

ሲግናሉ ከሴሉ ወጥቶ እንደ ፈሰሰ ቀለም ተስፋፍቷል

ታይራማይዱ ብዙ ቆይቷል ወይም ኢንዛይሙ በዝቷል። ወደ 5 ደቂቃ አሳጥሩ፤ በቂ ካልሆነ ሁለተኛውን አንቲቦዲ አቅጥኑ።

ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ምስል ይደግማል

በአንድ ስላይድ ላይ ሁለት ፕሮቲን ስትፈልጉ፣ የመጀመሪያውን ፕሮቲን አንቲቦዲዎች በሙቀት አስለቅቆ የሁለተኛውን ፕሮቲን ማስገባት ነው ልማዱ። የመጀመሪያው ቀለም በኮቫለንት ስለተጣበቀ አይሄድም። በ91 ዲግሪ ግን አንቲቦዲውና ኤችአርፒው በከፊል ይቀራሉ፤ የሁለተኛው ዙር ቀለምም የቀረው ኢንዛይም ዘንድ ሄዶ ይለጠፋል። መፍትሄው ያው ፕሬሸር ኩከር ነው፤ በየዙሩ መካከልም ኢንዛይሙን በፐርኦክሳይድ አጥፉ። ለማረጋገጥ የሁለተኛውን ዙር ዋና አንቲቦዲ ትታችሁ የቀረውን ሁሉ አድርጉ፤ የሁለተኛው ቀለም ከታየ ማስለቀቁ አልተሳካም።

ጠርዙ ብቻ ደምቋል

ደርቋል። በበጋው ደረቅ ነፋስ ጠብታው ከጠርዝ ይጀምራል። ስላይዶቹን እርጥብ ሶፍት የተነጠፈበት፣ ክዳን ያለው የምሳ ሳጥን ውስጥ አስተኟቸው፤ ጠረጴዛው አዘንብሎ እንደሆነም እዩ።