ንስሩ መጥቶ ፎቶው እምቢ ሲል

ባለፈው ዊንተር አዲስ ረጅም ሌንስ ገዝቼ ወር ሳይሞላው ልመልሰው ካርቶኑን ስፈልግ ነበር። ሁሉም ፎቶ ውሃ ውስጥ የተነሳ ይመስላል። ደግነቱ ካርቶኑ ተጥሏል። ሌንሱ ምንም አልነበረበትም፤ ችግሩ የመኪናዬ ሂተር ነበር።

ዊንተር ስል የአገር ቤቱን ሐምሌና ነሐሴ አይደለም። ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለውን ብርድ ነው። ዛፉ ቅጠሉን ስለሚጥል ወፍ ለማንሳት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። እኔ የምመላለሰው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ሰስኩዌሃና ወንዝ ላይ ያለው የኮኖዊንጎ ግድብ ነው፤ ኖቬምበር ላይ ባልድ ኢግል (ራሰ ነጩ የአሜሪካ ንስር) ይሰበሰብበታል። ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ንስሩን ሲያየው አይደነግጥም፤ የእኛው ዓሣ በል ንስርም ጭንቅላቱ ነጭ ነው፣ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ሌላው ብላክዋተር ነው፤ በ1933 እ.ኤ.አ. የተከለለ ረግረግ ሲሆን ከአርክቲክ የሚወርዱ ስዋኖች (አንገተ ረጅም ነጭ የውሃ ወፎች) እና ነጭ ዝይዎች ይከርሙበታል።

ወፉ ዝም ብሎ ቆሞ ፎቶው ጥርት አይልም

ከሁሉም የሚያናድደው ይሄ ነው። መጀመሪያ ጥፋቱ የሌንሱ መሆኑን ወይም የአየሩ መሆኑን ለዩ። የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የመንገድ ምልክት፣ ፈልጉና አከታትላችሁ አሥር ጊዜ አንሱት። አሥሩም እኩል ከደበዘዙ ፎከሱን ወይም ሌንሱን ጠርጥሩ። አንዱ ጥርት ብሎ ሌላው ከተንሻፈፈ፣ ፊደሉ ከፎቶ ፎቶ ከተለዋወጠ፣ አየሩ ነው።

ሞቃት አየርና ቀዝቃዛ አየር ሲደባለቁ ብርሃኑ ይጣመማል። በፀሐይ አስፋልት ላይ ውሃ የሚመስል ነገር ሲርገበገብ አይታችኋል፤ ያው ነው። ሂተር ለኩሳችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ሌንሱን በዚያው ስታወጡ ሙቀቱ በሌንሱ ፊት እየፈሰሰ ይወጣል። በዓይን አይታይም። 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን አጉልቶ ያሳየዋል።

መፍትሄው ርካሽ ነው፣ ግን ይበርዳል። ከመድረሳችሁ 20 ደቂቃ በፊት ሂተሩን አጥፉ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ክፈቱ። (ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ አብራኝ ሄዳ አታውቅም።) ካሜራው ከኋላ ኮፈን ውስጥ ይጓዝ፣ እንደ ውጭው ቀዝቅዞ ይድረስ። በሞተሩ አናት ላይ አሻግራችሁ አታንሱ። ሌንሱ ገና ሞቃት ከሆነ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለውን የፀሐይ መከላከያ ለጊዜው አውልቁት፣ ሞቃት አየር ያጉራልና።

ስዋኑ ከረግረጉ ማዶ ሆኖ ፀሐይ ከወጣች ሰዓታት ካለፉ ግን በመሃል ያለው አየር ስለሚርገበገብ ምንም ማድረግ አይቻልም። ምንም ያህል ብር ያወጣ ሌንስም አያድነውም። ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በሐበሻ ሰዓት አንድ ተኩል ገደማ ስለሆነ ያን ያህል በሌሊት መነሳት እንኳ የለበትም። ቀድማችሁ ድረሱ።

በረዶው ግራጫ ወጣ፣ ወይም የንስሩ ራስ ነጭ ወረቀት ሆነ

ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ካሜራው ፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። በረዶ ሲበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ከግድቡ ማዶ ያለው ጥቁር ጫካ ሲበዛበት ደግሞ ያነጣዋል፣ የንስሩ ራስም ላባው ሁሉ ይጠፋል።

ለበረዶ ኤክስፖዠሩን (ፎቶው የሚያገኘውን የብርሃን መጠን) ከ+1 እስከ +1.7 ከፍ አድርጉ። ለጥቁሩ ጫካ ወደ −0.7 ዝቅ አድርጉ። የሚበር ንስር ግን ጫካውን አልፎ ሰማይ ውስጥ ለመግባት ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም፤ በዚያ መሃል ቁልፍ ማሽከርከር አይሆንም። ስለዚህ እኔ ማኑዋል ነው የምጠቀመው፤ ብርሃኑን ካሜራው ሳይሆን እኔ እወስናለሁ። ጀርባው ቢለዋወጥም ንስሩ ላይ የሚያርፈው ፀሐይ አይለወጥም። የነጣውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ አበራለሁ፣ የንስሩ ጭንቅላት ላይ ብልጭታው እስኪጠፋ ኤክስፖዠሩን እቀንሳለሁ፣ ከዚያ አልነካውም። አውቶ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት በራሱ የሚለውጥበት) መጥፋቱንም እዩ፤ እሱ ከበራ ማኑዋሉ ስም ብቻ ነው። ሸተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ለሚበር ወፍ 1/2000 ሰከንድ ይሁን። አይኤስኦ 1600 ደረሰ ብላችሁ አትሸበሩ፤ እህል እህል ያለ ፎቶ ከተንቀጠቀጠ ፎቶ ይሻላል።

ሙሉ የነበረ ባትሪ ድንገት ሞተ

አልሞተም፣ በርዶታል። በብርድ ውስጡ ያለው ኬሚስትሪ ይዘገያል። አውጥታችሁ ደረታችሁ ላይ ባለው የውስጥ ኪስ አሙቁት፣ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሁለት ባትሪ እየተለዋወጡ አንዱ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ይሁን።

ቤት ስገባ ካሜራው አላበው

መነጽር ያደረገ እንግዳ ከውጭ ገብቶ ቡና የሚፈላበት ክፍል ሲቀመጥ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ካሜራም እንዲሁ ነው፣ ልዩነቱ ካሜራው ውስጡም ማላቡ ነው። የቤቱ እርጥበት ቀዝቃዛው ብረትና መስታወት ላይ ውሃ ይሆናል።

መድኃኒቱ ፌስታል ነው። ገና ውጭ ሳላችሁ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አፉን ጥብቅ አድርጋችሁ ቋጥሩት። ውሃው ፌስታሉ ላይ ያርፋል። አንድ ሁለት ሰዓት ሳትከፍቱት ይቆይ። ሜሞሪ ካርዱን ግን ከመቋጠራችሁ በፊት አውጡ። እኔ መጀመሪያ ቀን ረስቼው ፎቶ ለማየት ስቸኩል ፈታሁት፣ ሌንሱን ማታውን ሙሉ ስጠርግ አመሸሁ።

መኪና ሳቆም ወፉ ይበራል

መኪናው አያስፈራውም፣ የሰው ቅርጽ ነው የሚያስፈራው። አትውረዱ። ሞተሩን አጥፍታችሁ መስኮቱ ላይ ሩዝ የሞላ ከረጢት አድርጋችሁ ሌንሱን አስደግፉት። ተነስቶ ከበረረ አትከተሉት፤ በብርድ ያጠራቀመውን ጉልበት እያስጨረሳችሁት ነው።

ሁለት ሰዓት ቆሜ አንድም ንስር አልወረደም

ኮኖዊንጎ ላይ ይሄ የፎቶ ችግር ሳይሆን የመብራት ኃይል ችግር ነው። ንስሮቹ የሚበሉት ተርባይኑ ውስጥ አልፎ ደንዝዞ የሚወጣውን ዓሣ ነው። ተርባይኑ ከቆመ ዛፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ እናንተም ትጠብቃላችሁ። ውሃው ሊለቀቅ ሲል ሳይረን ይጮኻል። ያኔ ወንዙ ዳር ድንጋዩ ላይ ከሆናችሁ ቶሎ ውጡ፣ ውሃው በፍጥነት ነው የሚሞላው። ጓንታችሁን አውልቁ፣ የሞቀውን ባትሪ አስገቡ።