ዝላዬ አልጨምር ሲለኝ ያደረግኩት

ቮሊቦል እጫወታለሁ። የወንዶች መረብ ከፍታው 2 ሜትር ከ43 ሳንቲም ነው፤ እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ አስፋልት ላይ 200 ጊዜ ዘለልኩ። ትርፉ ከጉልበቴ ሎሚ በታች የሚጠዘጥዝ ሕመም ብቻ ሆነ። ዘልዬ የምነካውን ከፍታ ለማወቅ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያሰመርኳት መስመር ንቅንቅ አላለችም።

ዘግይቶ ነው የገባኝ። ደክሞኝ ስዘል ጽናት እንጂ ፍንጥር የማለት ኃይል አልገነባም ነበር።

መጀመሪያ ሕመሙ ጋብ እስኪል ዝላዩን ተውኩት። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ አፈር ሜዳ ላይ። በአንድ ዙር አምስት ዝላይ በሙሉ አቅም፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ እረፍት። (ጓደኞቼ «ስፖርት ነው ሻይ ቤት?» እያሉ ሙድ ያዙብኝ።) ሳርፍ ኮቴዬ እንዳይሰማ ጉልበቴንና ዳሌዬን አጠፍ አደርጋለሁ። በሌሎቹ ሁለት ቀናት ደግሞ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ደረቴ ላይ አቅፌ ቁጭ ብድግ። መጀመሪያ ግማሽ ውኃ፣ በኋላ ሙሉ፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ ቀልድ አይደለም።

በስምንተኛው ሳምንት ጠመኔ የቀባሁት ጣቴ ከድሮዋ መስመር 6 ሳንቲም በላይ አረፈ። ጉልበቴ ግን ደረጃ ስወርድ አሁንም አልፎ አልፎ ያስታውሰኛል።