ራሳችሁ የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር አልነሳ ሲላችሁ

ማብሪያውን ትጫናላችሁ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ወይም ይነሳና ወዲያው ይጠፋል፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው ራሱ ተመልሶ ይነሳል። እንዲህ ሲሆን ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው «አንዱ ዕቃ ተቃጥሏል» የሚለው ነው። አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ላይ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በደንብ ያልገባ ኬብል፣ ያልተቀመጠ ራም ወይም የባዮስ (ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለው፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሴቲንግ ሆኖ ይገኛል። ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመ እወቁ።

ኮምፒውተር የሚነሳው በተራ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ባዮሱ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ግራፊክስ ካርዱን ይፈትሻል። ከዚያ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ያለበትን ዲስክ ይፈልጋል። ስትፈትሹም በዚሁ ተራ ሂዱ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሦስት ነገር ነካክታችሁ ቢነሳ የትኛው እንዳስነሳው አታውቁም።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ከዚያ የኬዙን ማብሪያ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ያልተቀባ የኬዝ ብረት ንኩና ሥራ ጀምሩ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን በፍጹም እንዳትከፍቱት። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ።

ጭራሽ ምንም ካልሰጠ

ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለችው ማብሪያ «I» ላይ ናት ወይስ «O» ላይ? «O» ማለት ተዘግቷል ማለት ነው። ሶኬቱንም በሌላ ዕቃ ሞክሩት። ቀጥሎ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ባለ 24 ፒን ትልቁን ኬብል ቀጭ እስኪል ግፉት። የገባ መስሎ ግማሽ ላይ የሚቆም ኬብል ነው።

ከኬዙ ማብሪያ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ትክክለኛዎቹ ሁለት ፒኖች ላይ መሰካቱን ከማዘርቦርዱ ማኑዋል ጋር አመሳክሩ። የማብሪያው ሽቦ ተገልብጦ ቢሰካም ይሠራል፤ የመብራቶቹ ግን አይሠራም። ከተጠራጠራችሁ ሽቦውን ንቀሉ፣ ገመዱን ወደ ሶኬት መልሱና እነዚያን ሁለት ፒኖች ብቻ በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ አገናኟቸው። ከተነሳ ችግሩ የኬዙ ማብሪያ ነው።

ፋኑ እየዞረ ምስል ካልመጣ

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ እዩት።

የሞኒተሩ ኬብል የተሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ? ካርድ ካላችሁ ካርዱ ላይ ይሁን። ስማቸው በ«ኤፍ» የሚያልቅ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ በእነሱ ከማዘርቦርዱ ምንም ምስል አይወጣም።

ከፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ፣ ባለ 8 ፒን የኤሌክትሪክ መሰኪያ አለ። እሱ ካልተሰካ ፋኖች ይዞራሉ፣ ፕሮሰሰሩ ግን አይሠራም። የፕሮሰሰሩ ኬብል አብዛኛውን ጊዜ 4 እና 4 ሆኖ ለሁለት ይከፈላል፤ የግራፊክስ ካርዱ 6 እና 2 ሆኖ ነው። ይመሳሰላሉ፣ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እምቢ ካለ በጉልበት አትግፉት።

አሁን ማዘርቦርዱን እዩት። ብዙዎቹ ላይ «ሲፒዩ» (CPU፣ ፕሮሰሰር)፣ «ድራም» (DRAM፣ ራም)፣ «ቪጂኤ» (VGA፣ ግራፊክስ) እና «ቡት» (BOOT፣ የሚነሳበት ዲስክ) የሚል የተጻፈባቸው ትንንሽ መብራቶች አሉ። በርቶ የቀረው መብራት ፍተሻው የት ላይ እንደቆመ ይነግራችኋል። ይህን ሳያዩ ዕቃ መንቀል ልፋት ነው።

«ድራም» ላይ ከቆመ ወይም መብራቶቹ ከሌሉ እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከራም ነው። ሁሉንም አውጡና አንዱን ብቻ መልሱ። አራት ማስገቢያ ባላቸው ቦርዶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛው ነው። ሁለቱንም ጫፍ እኩል ተጫኑ። ራም ከሚጠበቀው በላይ ጉልበት ይፈልጋል፤ መያዣው ቀጭ ብሎ ካልተዘጋ አልገባም። ካልሠራ በሌላኛው ራም ሞክሩ።

ዲዲአር5 ራም ከሆነ ደግሞ ታገሡ። መጀመሪያ ሲነሳ ማዘርቦርዱ ከራሙ ጋር ራሱን ያስተካክላል፤ ይህ በጨለማ ስክሪን ብዙ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ሰው «ሞቷል» ብሎ የሚያጠፋው እየሠራ ሳለ ነው። 15 ደቂቃ ያህል ሳትነኩት ተዉት።

ተነስቶ ከጠፋ

አንድ ጊዜ ጠፍቶ ተመልሶ ተነስቶ ከቀጠለ አትጨነቁ። ራም ወይም ሴቲንግ ስትቀይሩ ይህ የተለመደ ነው። ማቆሚያ የሌለው ከሆነ ግን ባዮሱን ወደ መጀመሪያው ሴቲንግ መልሱት። ገመዱን ነቅላችሁ፣ ክብ የሆነችውን ሲአር2032 ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱ። የራም ፍጥነት የሚጨምረው ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለው የባዮስ ሴቲንግ በርቶ ከነበረ በዚህ ይጠፋል፤ ጠዋት ሲቀዘቅዝ የማይነሳ፣ ሁለተኛ ሲሞከር የሚነሳ ኮምፒውተር ላይም መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ሰዓቱና ቀኑ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር የሚበላሽ ከሆነ ባትሪዋን ቀይሩ።

ጥቂት ሠርቶ የሚጠፋ ከሆነ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ፈትሹ። ከሥሩ ያለው ስስ ላስቲክ ሳይላጥ ተገጥሞ ሊሆን ይችላል።

ባዮስ ላይ ቆሞ ከቀረ

ባዮሱ ዲስኩን ያየዋል? ካላየው ኬብሉን ወይም ኤም.2 ኤስኤስዲውን (ያለኬብል ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ቀጭን ዲስክ) ነቅላችሁ መልሱ። አንዳንድ ቦርዶች ላይ ኤም.2 ሲገባ የተወሰኑ የሳታ መሰኪያዎች (በኬብል የሚገናኙ ዲስኮች የሚሰኩባቸው) ይዘጋሉ፤ ማኑዋሉ የትኞቹ እንደሆኑ ይናገራል። ዲስኩ ከታየ የቡት ተራውን፣ ማለትም ባዮሱ የትኛውን ዲስክ አስቀድሞ እንደሚሞክር፣ አስተካክሉ።

ችግሩ ዊንዶውስን ዘግታችሁ ስታስነሱ ብቻ ከታየ፣ ሪስታርት ስታደርጉ ግን ከሌለ፣ ፋስት ስታርታፕ የሚባለውን የዊንዶውስ ሴቲንግ አጥፉት። እሱ ሲበራ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ

ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጡና የራሱ ካርቶን ላይ አስቀምጡት። ፕሮሰሰር፣ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ራም እና ፓወር ሰፕላይ ብቻ ይኑሩት፤ ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ከሌለው ካርዱንም ጨምሩ። እዚያ ላይ ከተነሳ ኬዙ ውስጥ ሾርት የሚያደርግ ነገር አለ፤ ብዙውን ጊዜ ያለቦታው የገባ የብሎን መቆሚያ ነው። ካልተነሳ በሌላ ፓወር ሰፕላይ ሞክሩ፤ ስትዋሱ ግን ከነኬብሎቹ ተዋሱ። ኬብላቸው የሚነቀል ፓወር ሰፕላዮች በእነሱ በኩል ያለው የፒን አቀማመጥ ይለያያል፤ የአንዱን ኬብል ለሌላው መሰካት ደህና የነበረውን ዲስክ ሊያቃጥል ይችላል።