ያገለገለች ኤሌክትሪክ መኪና ለበጎ አድራጎት ለመስጠት ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄን አንብቡ

ኤሌክትሪክ መኪና መስጠት ልብስ ወይ ወንበር እንደመስጠት አይደለም፣ አስረክቦ መመለስ ብቻ አይበቃም። ተቀባዩ ቻርጅ የሚያረግበት ቦታ ከሌለው ወይ ባትሪዋ ምን ያህል እንደቀረው ካላወቀ ስጦታው ሸክም ይሆንበታል፣ ግቢ ውስጥ አቧራ ለብሳ ትቀራለች።

ስለዚህ ከምንም በፊት ለሚቀበላችሁ ድርጅት ደውሉና ምን ልታረጉባት ነው በሏቸው። ወይ ራሳቸው ለስራ ይነዷታል፣ ወይ ሸጠው ገንዘቡን ይጠቀሙበታል፣ ወይ ደግሞ ሙያ የሚያሰለጥኑ ከሆነ ተማሪ ይማርባታል። የሚነዷት ከሆነ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄዱና ማታ የት እንደምታድር ጠይቁ፣ ምክንያቱም ተራ የግድግዳ ሶኬት 2 ኪሎዋት አካባቢ ነው የሚሰጠው፣ 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። ለአጭር አጭር ጉዞ ማታ ማታ መሰካቱ ይበቃል፣ ቀኑን ሙሉ ለሚዞር ሰው ግን አይሆንም። ካልሆነላቸው እናንተው ሸጣችሁ ገንዘቡን ብትሰጧቸው ይሻላል፣ እሱም ስጦታ ነው።

ቀጥሎ ባትሪ። ዋናው ነገር እሱ ነው፣ የመኪናዋ ዋጋ በአብዛኛው እዛ ውስጥ ነው ያለው። ዳሽቦርድ ላይ የሚታየውን ኪሎ ሜትር ብቻ አትመኑ፣ እሱ በቅርብ እንዴት እንደነዳችሁ አይቶ የሚገምተው ነው። ዳያግኖስቲክ ማሽን (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ መሳሪያ) ያለው ጋራዥ ወስዳችሁ የባትሪውን ጤንነት በፐርሰንት አስነብቡና ወረቀቱን ያዙ። ለምሳሌ አዲስ ሆና 40 ኪሎዋት ሰዓት የምትይዝ መኪና 75 ፐርሰንት ላይ ከሆነች አሁን የምትይዘው 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ብትበላ 200 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ለተቀባዩ እንደዚህ አርጋችሁ ንገሩት፣ ፐርሰንት ብቻ ብትነግሩት ምንም አይገባውም። ኒሳን ሊፍ ያላችሁ ደግሞ፣ ከአዲሱ ሦስተኛው ትውልድ በፊት የተሰራች ከሆነች ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ስላልሆነ ሙቀት ቶሎ ያደክመዋል፣ የድሮዎቹ ላይ ከባትሪ መለኪያው ጎን ካሉት 12 መስመሮች ስንቱ እንደቀሩ ቁጠሩ። ዋስትናም እዩ፣ ብዙ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ወይ 160,000 ኪሎ ሜትር ይሰጣሉ፣ ያልጨረሰች ከሆነ ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፍ እንደሆነ አጣሩ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጎርፍ የገባባት (በተለይ ጨዋማ ውሃ) ወይ ከስር ባትሪው የተመታ መኪና ዝም ብላችሁ እንዳትሰጡ፣ እንደዚህ ያለ ባትሪ ከቀናት ምናልባትም ከሳምንታት በኋላ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከቤትም ከሌላ መኪናም ቢያንስ 15 ሜትር ርቃ ትቁም፣ ባለሙያ ይያት፣ ለተቀባዩም በግልጽ ተናገሩ። ለማሰልጠኛ የሚወስዷትም ቢሆኑ በብዙ መኪኖች ላይ 400 ቮልት አካባቢ እንዳለና ለሱ የሚሆን ጓንትና መሳሪያ እንደሚያስፈልግ ማወቅ አለባቸው።

ሰዎች የሚረሱት ደሞ አካውንቱን ነው። መኪናዋ ስልካችሁ ላይ ካለው አፕ ጋር እንደተያያዘች ከሄደች የት እንዳለች ታያላችሁ፣ በር መክፈትም ልትችሉ ትችላላችሁ፣ አዲሱ ሰው ግን በራሱ ስም ላያስመዘግባት ይችላል። መጀመሪያ ከአፑ ላይ አስወጧት፣ ከዛ መኪናዋን ራሷን ፋክተሪ ሪሴት አርጉ (ያስገባችሁትን መረጃ ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚያረጋት ነው)፣ የቤታችሁ አድራሻም የስልካችሁ ኮንታክትም እዛ ውስጥ አለ። አንዳንድ የሕዝብ ቻርጀር ደሞ መኪናዋን ራሷን ለይቶ ከተመዘገበው ሂሳብ ላይ ይቆርጣል፣ እሱንም አቋርጡ።

ወረቀቱ እንደማንኛውም መኪና ነው። ሊብሬው በስማችሁ ይሁን፣ የባንክ እዳ ወይ እገዳ አይኑርባት፣ ስም ሲዛወር ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ኢንሹራንሱን ከዛ በኋላ ዝጉ፣ ከድርጅቱም ደረሰኝ ተቀበሉ። ግብር ላይ ቅናሽ የሚሰጥበት አገር ከሆናችሁ ያ ደረሰኝ ያስፈልጋችኋል።

ቻርጀር ኬብሉን አትርሱ፣ እኔ ስሰጥ ጋራዥ ጥግ ተሰቅሎ ቀርቶ እነሱ ሁለት ቀን መኪናዋን ማንቀሳቀስ አልቻሉም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሁለተኛ ቁልፍም ካለ አብሮ ይሂድ። እስክትወሰድ የምትቆም ከሆነ ቻርጁ 50 ፐርሰንት አካባቢ ይሁን፣ ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪም እዩ፣ እሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናዋ አትነሳም። ተጎትታ የምትሄድ ከሆነ አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ ሌላ መኪና ላይ ተጭና ትሂድ፣ የሚነዳው ጎማ መሬት ላይ እየተሽከረከረ ከተጎተተች ሞተሩ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ሊጎዳ ይችላል።

ስታስረክቡ ደሞ ግማሽ ሰዓት ስጡና ሾፌሩን አስቀምጣችሁ አሳዩት፣ እንዴት እንደምትሰካ፣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ ለምን ራሷ ፍጥነቷን እንደምትቀንስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድምፅ ስለሌላት ጠፍታለች ብሎ ሳያጠፋት እንዳይወርድ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ዝግጁ የሚለው መብራት መጥፋቱን አይቶ ነው መውረድ ያለበት።