በሰው ሠራሽ እግር ከባሕር ዳር ወደ ውጭ አገር እንዴት መጓዝ ይቻላል?

ልጅዎ አሜሪካ ሆና «እማዬ፣ ነይልኝ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ወይም ለፋሲካ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ አስበዋል። ወይም ዑምራ ነይተዋል። ታዲያ «በዚህ እግር እንዴት ብዬ?» የሚለው ሐሳብ ወደ ኋላ ይጎትታል። እኔም ከጉልበት በታች በሰው ሠራሽ እግር የምሄድ የባሕር ዳር ሰው ነኝና ሐሳቡን አውቀዋለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ይሂዱ። ግን ተዘጋጅተው ይሂዱ። ዝግጅቱ ቦሌ ሲደርሱ የሚጀመር አይደለም፤ እዚሁ ጣና ዳር ያልቃል።

1. እግሩን ሁለት ወር ቀድመው ያሳዩ

ከትኬቱም ከቪዛውም በፊት የሶኬቱ ነገር ይቅደም። ሶኬት የምንለው ቀሪው እግር የሚገባበትን ቀፎ ነው። ከከሱ ወይም ከወፈሩ ልኩ ይበላሻል። ሰፈር ውስጥ ሲሄዱ ብዙም የማይሰማ መፋተግ ረጅም መንገድ ላይ ቁስል ይሆናል። በከተማችን ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው የቆየ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። እዚያ፣ አለዚያም እግሩን ወደ ሠራልዎት ባለሙያ ይሂዱና «ውጭ አገር ልሄድ ነው» ብለው በግልጽ ይንገሩ። ብሎኖቹ ይጥበቁ፣ የመርገጫው (መሬት የሚረግጠው የታችኛው ክፍል) ጎማ ይታይ፣ ማሰሪያው ካረጀ ይቀየር።

ሁለት ወር ያልኩት ምናልባት አዲስ ሶኬት ቢያስፈልግ ብዬ ነው። አዲስ ሶኬት ሰውነት እስኪለምደው ጊዜ ይወስዳል፤ መሀል ላይ ማስተካከያም አይቀርም። በጉዞው ሳምንት የተረከቡትን አዲስ እግር አድርጎ መብረርን አልመክርም። አሮጌው ከተመቸዎት በአሮጌው ይሂዱ።

እግረ መንገድዎን ደብዳቤ ያጽፉ። በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ማኅተም ይኑረው፣ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ሰው ሠራሹ እግር ብረት እንዳለው፣ ባትሪ ካለው ባትሪውን፣ የሚይዙትን ክራንችና መለዋወጫ ይግለጽ። የስኳር ሕመም ካለብዎት እሱም ይጠቀስ። ደብዳቤውን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

2. ባሕር ዳር ላይ ይለማመዱ

ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ ያስኬዳል። መለኪያው ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ደርሶ መልስ ይሂዱበት፤ 760 ሜትር ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ ባዶ እጅዎን፣ ከዚያ የጉዞ ቦርሳዎን አዝለው። በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ሻንጣ ወደ አንድ ጎን ይጎትትና ሚዛን ያስታል፤ ስለዚህ ከአሁኑ ከጀርባ ቦርሳ ጋር ይላመዱ።

ቤት ሲገቡ እግሩን አውልቀው ቆዳዎን ይዩ። ለታችኛው ክፍል ትንሽ መስታወት ይጠቀሙ። ቀላ ያለ ቦታ ቢኖር አያስደነግጥም። ከ20 ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ ግን ሶኬቱ እዚያ ጋ እየተጫነዎት ነው፤ ለባለሙያው ያሳዩት። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን በየቀኑ ማድረግ አለበት። ቁስሉ ሳያመው ሊሰፋ ይችላል።

ለዳገት ቤዛዊት አለልን። ሲወጡም ሲወርዱም እርምጃዎን ያሳጥሩ። ለደረጃ አንድ ሕግ ብቻ ይያዙ፦ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ሰው ሠራሹ።

ከዚያ ዘጌ ይሂዱ። ለጉዞ ልምምድ ከዘጌ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ጀልባ ላይ ይቀመጣሉ። የሚወዛወዝ ነገር ላይ ይረግጣሉ፣ ተቀምጠው የደነዘዘውን እግር ይዘው ይነሳሉ። ቀጥሎ በቡናው ጫካ ውስጥ ድንጋይና ሥር የበዛበት መንገድ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይወስድዎታል። ይህን መንገድ የሄደ ሰው የኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ ድንጋይ ብዙም አይከብደውም። ክራንች ወይም ጠንካራ ዱላ ይያዙ፤ አይቸኩሉ፤ ዓይንዎ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ይመልከት።

ለጀልባ ነጂው አስቀድመው ይንገሩት። ጀልባውን አስጠግቶ አጥብቆ ይይዝልዎታል። ሰው ሊረዳዎት ሲመጣ እጅዎን ይዞ እንዲጎትትዎት አይፍቀዱ፤ እርስዎ ትከሻውን ይያዙ። የሚጎትት ሰው ሚዛንዎን ይወስድብዎታል፤ የቆመ ትከሻ ግን ይደግፋል። ይህ ለአውሮፕላን ደረጃም ለባቡርም ይሠራል። የሕይወት አድን ጃኬቱን ሳይለብሱ አይነሱ። ደግሞም ቀሪው እግርዎ ላይ ቁስል ካለ የጣና ውኃ አያስነኩት፤ በዳርቻው ቢልሃርዚያ አለ።

3. ጫማ ለሚወልቅበት ቦታ ይዘጋጁ

ይህ ለእኛ አገር ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወልቃል፣ መስጊድ ይወልቃል፣ ፍተሻ ላይም አውልቁ ሊባሉ ይችላሉ።

ባለሙያው ሰው ሠራሹን እግር የሚያስተካክለው ከነጫማው ነው። የጫማዎን የተረከዝ ከፍታ ይዞ ነው ቀጥ የሚያደርገው። ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ ዝቅ ይላል፣ እግሩ በሙሉ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ ጉልበትዎም ወደ ኋላ ይገፋል። ሰዎች «ያለ ጫማ ልወድቅ ነው የሚመስለኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከጫማው ተረከዝ ጋር እኩል ከፍታ ያለው ጠንካራ ጎማ ወይም ቆዳ ያስቆርጡ። ከመርገጫው ተረከዝ ሥር አድርገው ወፍራም ካልሲ ያልብሱበት። ካልሲው ከሥሩ የማያንሸራትት ቢሆን ይመረጣል፤ የቤተ መቅደስ ምንጣፍ ያዝ ያደርጋል፣ እብነ በረድ ግን ያንሸራትታል። ቤትዎ ውስጥ ለብዙ ቀን ይሞክሩት። ለባዶ እግር ታስቦ የተሠራ መርገጫም አለ፤ ሕንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራው የጃይፑር እግር የሚታወቀው በዚህ ነው። አገራችን ውስጥ ለእርስዎ የሚሆን ነገር ካለ ባለሙያውን ይጠይቁ።

ቅዳሴ ለሚቆም ሰው መቋሚያ ትልቅ እርዳታ ነው። መስገድ ካልቻሉ ጎንበስ ብለው ይሳለሙ። እግዚአብሔር ልብ ያያል፤ ካህናቱም ይህን ያውቃሉ።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ውጭ አገር ሄደው አዲስ ጫማ ሲያምርዎት መጀመሪያ ተረከዙን ይለኩ። ከፍ ያለ ተረከዝ ወደ ፊት ይገፋዎታል። የለመዱትን ጫማ ሁለት ጥንድ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል።

4. ትኬት ሲቆርጡ እርዳታ ይጠይቁ

ዊልቸር መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። መራመድ የሚችል ሰውም ይጠይቃል። ጉልበትዎን ወረፋ ላይ ከሚጨርሱት ለደረሱበት አገር ያቆዩት። ትኬት ሲቆርጡ ይንገሩ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት። አየር መንገዶች የሚግባቡበት ምልክት አለ። ደረጃ መውጣት የሚችል ነገር ግን ረጅም ርቀት የሚከብደው ሰው «ዳብሊው ሲ ኤች አር» ይባላል። ደረጃ የማይችል ደግሞ «ዳብሊው ሲ ኤች ኤስ»። የትኛው እንደሆኑ ነግረው ትኬቱ ላይ መጻፉን ያረጋግጡ።

ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ሲነሱ ብዙ ጊዜ አውሮፕላኑ ድረስ በእግር ሄዶ በደረጃ ነው የሚወጣው። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ቦርሳዎን ለሠራተኛው ይስጡና ሁለት እጅዎን ነፃ ያድርጉ። ቦሌ ላይ ከአገር ውስጥ በረራ ወደ ዓለም አቀፉ ሲቀይሩ ሰፊ ጊዜ ይተዉ። አዲስ አበባ ማደር የሚችል ቢያድር ጥሩ ነው።

መቀመጫ ሲመርጡ ሰው ሠራሹ እግር በመተላለፊያው በኩል እንዲሆን ይጠይቁ፤ ለመዘርጋት ይመቻል። የምግብ ጋሪ ሲያልፍ ግን ይሰብስቡት። የአደጋ ጊዜ መውጫው አጠገብ አያስቀምጡዎትም።

ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሲነሱ እርዳታው በሕግ ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ደንብ ክራንችና ዊልቸርን ጨምሮ እስከ ሁለት የመንቀሳቀሻ መሣሪያ ያለ ክፍያ እንዲጫን ያዛል።

ሰው ሠራሽ እጅ የሚጠቀሙ ደግሞ የጣት አሻራ ነገር አይርሱ። ኤምባሲም ድንበርም ላይ አሻራ ይጠየቃል። ጉዳዩን ቀድመው ቢናገሩ ወረፋው ላይ አይጉላሉም።

5. በእጅ የሚያዘውን ለይተው ያዘጋጁ

ሻንጣ ይጠፋል። ስለዚህ ያለሱ መቆም የማይችሉትን ነገር ሁሉ በእጅ ይያዙ፦ ትርፍ ላይነር (ሶኬቱ ውስጥ ቀሪው እግር ላይ የሚለበሰው ለስላሳ ሽፋን)፣ ቀጫጭንና ወፋፍራም የቀሪው እግር ካልሲዎች፣ የተረከዙን ጎማ፣ ፋሻና ፕላስተር፣ መድኃኒት፣ ደብዳቤውን። ባትሪ ያለው ሰው ሠራሽ ጉልበት ከሆነ ቻርጀሩና ትርፍ ባትሪው በእጅ ቦርሳ መሆን አለበት፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። እኛ ጋ መብራቱ 220 ቮልት ነው፣ አሜሪካ 120 ገደማ፤ ቻርጀሩ ሁለቱንም እንደሚቀበል ጀርባውን ያንብቡ።

የብዙ ሰው ሠራሽ እግር ብሎን በ4 ሚሊ ሜትር «አለን» ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን የብሎን መፍቻ) ይጠብቃል። ቁልፉን ይያዙ፣ አጠቃቀሙን ባለሙያው ያሳይዎት። ያልታወቀ ብሎን አይንኩ፤ አቋሙን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

6. ፍተሻው

ማሽኑ ይጮኻል። ይጩህ። ሳይጮኽ በፊት «ሰው ሠራሽ እግር አለኝ» ይበሉና ደብዳቤውን ያሳዩ። ሰፊ ሱሪ ወይም ቀሚስ ከለበሱ ማሳየት ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ በእጅ ይዳስሳሉ፣ ከዚያም በትንሽ ጨርቅ ጠርገው ፈንጂ የነካ እንደሆነ ይመረምራሉ። ሰው ፊት ካልፈለጉ የተከለለ ክፍል መጠየቅ መብትዎ ነው። አብሮዎት የሚጓዝ ሰውም ሊገባ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እግሩን አውልቁ ብለው አያስገድዱም፤ ከበረራው 72 ሰዓት በፊት ለፍተሻ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ እርዳታ መጠየቅም ይቻላል።

7. አውሮፕላን ውስጥ

«ከፍታው እግሬን ያሳብጠዋል» የሚል ፍርሃት አለ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው። ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 በላይ። ስለዚህ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ለውጡ ያን ያህል አይደለም። የሚያሳብጠው በዋናነት ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ነው። በየሰዓቱ ይነሱ፣ ካልሆነም የጭንዎን ጡንቻ ጠበቅ ለቀቅ ያድርጉ። ውኃ ይጠጡ፣ ጨው የበዛበትን ምግብ ይቀንሱ።

እግሩን አውልቆ መተኛት ያምራል። ግን ቀሪው እግር አብጦ ሶኬቱ እምቢ ሊል ይችላል። ማውለቅ ካለብዎት ጠበቅ የሚያደርግ ካልሲ ወይም ፋሻ ያድርጉበት፣ አውሮፕላኑ ከማረፉ አንድ ሰዓት ቀድመው መልሰው ያጥልቁ። የጠበቀ ሲመስልዎት አንድ ካልሲ ይቀንሱ፣ ሲላላ ይጨምሩ።

8. እዚያ ሲደርሱ

መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱን ይዩ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። ለመታጠቢያ የሚሆን የፕላስቲክ ወንበርና የማያንሸራትት ምንጣፍ ይጠይቁ። ክራንቹን ማታ አልጋው አጠገብ ያድርጉ። በእንቅልፍ ልብ ተነስቶ እግር ያለ መስሎት የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ ይውጡ። ቤት ተቀምጦ መስኮት ለማየት አይደለም የሄዱት። ብዙ ከተሞች ላይ አውቶቡሱ ወደ እግረኛው መንገድ ዝቅ ይላል፣ ከፊት ለእርስዎ የተለየ መቀመጫ አለ። ይጠቀሙበት። የቀኑን ጉብኝት አንድ ዋና ነገር ላይ ያድርጉት፣ መሀል ላይ ቡና ይጠጡ፣ አረፍ ይበሉ። ኢየሩሳሌም ከሄዱ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ወደ ቀራንዮ የሚያወጣው ደረጃ ቀጥ ያለ ነውና ሕዝቡ ሳይበዛ ማልደው ይሂዱ። መካ ላይ ለጠዋፍ ዊልቸርና የኤሌክትሪክ ጋሪ አለ።

ሞቃት አገር ላብ ያስቸግራል። በቀን ሁለት ሦስቴ ላይነሩን አውልቀው ላቡን ይጥረጉ፤ ላብ የሞላበት ላይነር ይንሸራተታል። ማታ በለስላሳ ሳሙና አጥበው በደንብ ያለቅልቁት። ባሕር ዳርቻ ከወረዱ አሸዋና ጨው ብረቱን ይበላሉ፤ በንጹሕ ውኃ ጠርገው ያድርቁት። ለውኃ ያልተሠራ እግር ይዘው አይግቡ።

ቆዳው ከተላጠ ለዚያ ቀን እግሩን ይተዉት፣ በክራንች ይዋሉ። አንድ ቀን ማረፍ ሳምንቱን ያተርፋል። መቅላቱ ከጨመረ፣ ከሞቀ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ልጆችዎ «ምን እንግዛልዎት?» ካሉ ትርፍ ላይነርና ካልሲ ይበሉ። የላይነር ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከቀሪው እግር ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ዙሪያውን በመለካት ነው። ልኩን ከመነሳትዎ በፊት ባለሙያው ይለካልዎትና ደብዳቤው ላይ ይጻፈው፤ ካለዎት ላይነር ላይ ያለውን ቁጥርና የሶኬቱን ዓይነትም ይጨምርበት። ያለዚያ የሚገዛልዎት ነገር አይገጥምም።